በጀሪካን እጀታ ላይ የታሰሩ ጨርቆች

የመጨረሻው ተራ ቀን ማክሰኞ ነበር። ያን ቀን ወንድሜ የእኔን ሸሚዝ ለበሰ።

እሱ ሸሚዝ የሚለብስ ሰው አልነበረም። የግመል ወተት ለሚያመላልስ ሰው ሸሚዝ ምን ያደርግለታል? ጎህ ሳይቀድ የጭነት ባጃጁን አስነስቶ ከድሬዳዋ በጀልዴሳ መንገድ ይወጣል። አርብቶ አደር ሴቶች መንገድ ዳር፣ በሦስት ቦታ ግራር ሥር፣ በቢጫ ጀሪካን ያቆሙለትን ወተት ይጭናል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከተማ ይገባና ለወተት ሻጮቹና ለሻይ ቤቶቹ ያድላል። ሴቶቹ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ጀሪካኑን በእንጨት ጭስ ያጥኑታል። ስለዚህ ልብሱ ሁልጊዜ ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። አብዛኛውን ቀን እኔም አብሬው እሄድ ነበር።

ሸሚዙ ነጭ ነው። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስፈተን የተገዛልኝ። ትከሻው ላይ ጠበበው። የላይኛው ቁልፍ አልዘጋ አለው።

“ምን እመስላለሁ?” አለኝ።

“ደላላ።”

“አቦ ተወኝ! ባለ ካምፓኒ በል።”

እናቴ ከጓዳ ሰምታ፣ “ሙሽራ ነው የሚመስለው። ሙሽሪት ናት የጠፋችው” አለች።

“ሙሽሪትማ ከዚራ እየጠበቀችኝ ነው።”

እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችው። ቀልዱን መሆኑን ስታውቅ በያዘችው ፎጣ ጀርባውን መታችው።

ከዚራ የምትጠብቀው ሶፍትዌር የምትሠራ ልጅ ነበረች። እኛ እሷን የመሰለ ሰው መፈለግ ከጀመርን ዓመት አልፎን ነበር።

ለምን እንደፈለግናት ልናገር። ሴቶቹ ራሳቸው በየቀኑ ከተማ አይመጡም። ስለዚህ እያንዳንዷ ከራሷ ልብስ ወይም ሻሽ ጨርቅ ቀድዳ በጀሪካኗ እጀታ ላይ ታስራለች። ቀይ ሆኖ ዳሩ በነጭ ክር የተሰፋው የአንዷ ነው። ከጆንያ የተቀደደው አረንጓዴ የሌላዋ። አበባ ያለበት አለ፣ ሁለት ቋጠሮ ያለው አለ፣ ሦስት ቋጠሮ ያለው አለ። ወረቀት የለም። ስም የለም። ሹፌሩ ጨርቁን አይቶ የማን እንደሆነና ከተማ ውስጥ ማን እንደሚረከበው ያውቃል። በማግስቱም ባዶው ጀሪካን በዚያው ጨርቅ ለላኪዋ ይመለሳል። ወንድሜ ከአርባ በላይ ጨርቅ በጭንቅላቱ ይዞ ነበር። ትምህርት ያቆመው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ግን አንዷ ጨርቅ ስትቀይር አይቶ፣ “ልጇን ድራለች ማለት ነው፣ ይሄ የሰርግ ሻሽ ነው” ይል ነበር። ደግሞ ትክክል ነበር።

ችግሩ ሙቀቱ ነው። ድሬ ላይ ወተት ቀትርን አይሻገርም። የአንዷ ግመሎች ርቀው ሄደው ወተት ሳትልክ ስትቀር፣ ከተማ ያለው ደንበኛዋ ይመጣል ብሎ ዝም ብሎ ይጠብቃል። በዚያው ሰዓት የሌላዋ ደንበኛ ታሞ ሱቁን ዘግቷል፣ ወተቷም ተቀባይ አጥቶ ባጃጁ ላይ ቆሟል። አንድ ቀን እንዲህ የቆመ ወተት ተበላሽቶ አሸዋ ላይ ደፋነው። የቀይ ጨርቋ ነበር። ኤዶ ነው የምንላት፣ አክስት እንደማለት፤ ትልቅ ሴትዮ ናት። በማግስቱ ባዶውን ጀሪካን ተቀብላ አሸተተችው። ወንድሜ ስንመለስ፣ ከተማ ልንገባ ስንል ባጃጁን ዳር አቆመ።

“ዋርያ” አለኝ፣ በድሬ አጠራር “ስማ” ሲል። “ጨርቁን ፎቶ አንስቼ ብጭነውስ? ወተቱ ሳይደርስ እዚህ ያለው ሰው ጨርቁን ስልኩ ላይ ቢያየው? የማን እንደመጣ፣ የማን እንደቀረ?”

ሐሳቡ ይኸው ነው። ማንበብ የማይጠይቅ አፕ። ስም ሳይሆን ጨርቅ የሚያሳይ።

ለሠሪ የምንከፍለው አልነበረንም። ሽርክና ነበር የምንፈልገው። ወንድሜ ግን አንድ ፍርሃት ነበረበት። ሐሳቡ ይሰረቃል ብሎ ይፈራል። ሰው ሳይምልለት አይናገርም። የመጀመሪያው ያገኘነው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ፈጢራ ጋበዝነው።

“መጀመሪያ ወላሂ በል” አለው ወንድሜ።

“ምን ብዬ?”

“ሐሳቡን ላልሰርቅ።”

“ሐሳቡን ሳልሰማ እንዴት ነው የምምለው?”

“ከሰማህ በኋላማ መሐላው ምን ይጠቅመኛል?”

ተማሪው ፈጢራውን ጨርሶ ሄደ።

ሁለተኛውን በቴሌግራም አገኘነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ነው። እኔ ነኝ የምጽፈው፣ ወንድሜ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ ይናገራል። ሰውዬው “ታክሲ መጥሪያ ነው?” ብሎ ጠየቀ። ወንድሜ “ሊሆንም ላይሆንም ይችላል በለው” አለኝ። “ዕቃ ማድረሻ ነው?” “እሱም ሊሆን ይችላል በለው።” ሰውዬው ብሎክ አደረገን። ሦስተኛው ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበር። ግመል የሚለው ቃል ከወንድሜ አፍ አመለጠውና ሰውዬው፣ “ግመሎቹ ስልክ አላቸው?” ብሎ ሱቅ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ አሳቀብን።

እኔ “ቢያንስ እንጻፈው” እለው ነበር። “ደብተር ይሰረቃል” ይለኛል። ግንባሩን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል። “እዚህ ያለውን ማን ይሰርቀኛል?”

ዓመቱ እያለቀ ሲሄድ የላፕቶፕ ቦርሳ የያዘ ሰው ባየ ቁጥር ባጃጁን ማቆም ጀመረ። “ወንድሜ፣ አፕ ትሠራለህ?” ይላል። አንዱ የባንክ ኦዲተር ሆኖ ተገኘ። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። እሱ አላፈረም። ያኔ ተስፋ እየቆረጠ እንደነበር አልገባኝም። ቀልድ ነበር የመሰለኝ።

ልጅቷን የጠቆመችን ወተት የምናደርስላት የሻይ ቤት ባለቤት ናት። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት፣ አዲስ አበባ ነው የምትሠራው፣ እናቷን ልትጠይቅ መጥታለች አለችን። ቤቷ ከዚራ፣ ከድሮዎቹ የባቡር ቤቶች አንዱ ነው። በረንዳ ላይ ተቀበለችን። ወንድሜ በጠባብ ሸሚዝ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

“እሺ፣ ንገረኝ” አለችው። የድሬ ልጅ ናት፤ አንቱ የለም።

“መጀመሪያ ማይልኝ።”

“በምን?”

“በእናትሽ።”

“እናቴ እዚሁ ጓዳ ናት። ጠርቼ ልጠይቃት?”

ከውስጥ የእናቷ ድምፅ መጣ። “እንዳትምይብኝ! ምን እንደሆነ እንኳ ሳታውቂ!”

ወንድሜ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ዓመት ሙሉ የታሰረ ነገር የተፈታ መሰለኝ። ከዚያ ያለ መሐላ ነገራት። ቀይ ጨርቁን፣ የተደፋውን ወተት፣ የሰርጉን ሻሽ፣ ሁሉን። እጁ ከጉልበቱ ተነስቶ አየር ላይ ጀሪካን ይደረድር ነበር። እሷ አላቋረጠችውም።

“ሐሳብህን አልሰርቅም” አለችው ሲጨርስ። “ሐሳብ ይዞ የሚመጣብኝ ሰው ብዙ ነው። አንተ ዘንድ ያለው ግን ሐሳቡ አይደለም። ጨርቆቹ ናቸው። የት ነው የተጻፉት?”

ወንድሜ ግንባሩን መታ መታ አደረገ።

“እሱን ስልክ ውስጥ ማስገባት አልችልም” አለች። “ዝርዝር አምጣልኝ። ጨርቁ ምን ይመስላል፣ የማን ነው፣ ሴትዮዋ የትኛው ቦታ ትቆማለች፣ ከተማ ማን ይረከባታል። ሐሙስ ከሰዓት እሄዳለሁ። ጠዋት አራት ሰዓት ዝርዝሩን ይዘህ ከመጣህ ሸሪክህ ነኝ፣ እንጨባበጣለን። ካልመጣህ ግን አልቀየምህም፤ እኔም ሌላ ሥራ አለኝ።”

“ነገ ማታ አልቆ ታገኚዋለሽ። ጸሐፊ አለኝ” አላትና እኔን አሳያት።

ስንወጣ ከዚራ ካለ ሱቅ ደብተር ገዛ። ባለ ሃምሳ ቅጠል፣ ሽፋኑ ላይ አውሮፕላን ያለበት። መንገዱን ሙሉ ደረቱ ላይ ይዞት ሄደ።

ቤት ስንደርስ ቀትር ነበር። በዚያ ሰዓት ከተማው ሁሉ ይተኛል። በር አጠገብ ከሚቀመጠው ጀሪካን አንድ ብርጭቆ ወተት ቀድቼ ጠጣሁ። ቤታችን ወተት ጠፍቶ አያውቅም። ከየት እንደሚመጣም ጠይቄ አላውቅም። ምንጣፉ ላይ ጋደም አልኩ።

“ጻፍ” አለኝ ወንድሜ።

“ከዐስር ሶላት በኋላ።”

ከዐስር በኋላ ጆተኒ ልጫወት ወጣሁ። ፀሐይ ስትገባ፣ መግሪብ ላይ ተመለስኩ። ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በራሱ እጅ “ቀይ” ብሎ ጽፏል። ፊደሉ የሕፃን ነው የሚመስለው።

“ተማሪው፣ ና እንጂ” አለኝ።

“ስማኝ” አልኩት። “ነገ ጀሪካኑን ስንጭን፣ ጨርቁን በዓይኔ እያየሁ ብጽፈው አይሻልም? አሁን ብትነግረኝ አረንጓዴና አረንጓዴ ይምታታብኛል።”

አሰበበት። “እውነትህን ነው” አለ።

እውነቴን አልነበረም። ደክሞኝ ነው። እሱ ግን አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው የተናገረው ትክክል ይመስለው ነበር።

ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ ጠራኝ። “ዋርያ፣ ተነሳ።” እግሬን ነቀነቀኝ። አንድ ነገር አጉረመረምኩ፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። “ነገ” ያልኩ ይመስለኛል። ጥቂት ቆመ። ከዚያ፣ “በል ተኛ፣ ስመለስ እንጽፈዋለን” አለ። ደብተሩን ራስጌዬ ሲያስቀምጥ ሰማሁ። ባጃጁ ተነሳ። ባዶዎቹ ጀሪካኖች ሲንኳኩ ሰማሁ።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። በአጭሩ እጽፈዋለሁ።

የጀልዴሳ መንገድ አሸዋማ ወንዝ ያቋርጣል። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ይመጣል። ይህን የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም። ወንድሜም ያውቃል። አንድ ግመል ጠባቂ ከማዶ ሆኖ አይቶታል። እኛ ቤት መጥቶ የነገረን እሱ ነው። ባጃጁ አሸዋው መሐል ተያዘ። የጎርፉ ድምፅ ተሰማ። ወንድሜ ወርዶ ሮጠ፤ ዳር ደርሶ ነበር። ከዚያ ዘወር ብሎ ጀሪካኖቹን አየ። ተመለሰ። እያነሳ ወደ ዳር ይወረውራቸው ጀመር።

“ባዶ ናቸው፣ ተዋቸው ብዬ ጮኽኩ” አለ ሰውዬው። “ወላሂ ጮኽኩ። አይሰማም። አንድ በአንድ ይወረውራል።”

እኩለ ቀን ሳይሆን አገኙት። ከዐስር ሶላት በኋላ ቀበርነው። ሰው ሁሉ “አላህ ጀነት ይወፍቀው፣ ሰብሩን ይስጣችሁ” ይለኛል። እኔ አሚን እላለሁ። ውስጤ ግን ሌላ ነገር ይቆጥር ነበር። ቀይ። አረንጓዴ። አበባ ያለበት።

ለለቅሶ የሚመጡት ሰዎች ከጎርፉ ዳር ያገኙትን ጀሪካን እየያዙ መጡ። የማን እንደሆነ አያውቁም፣ የወንድሜ ነው የሚመስላቸው። አንዱ ሁለት፣ አንዱ ሦስት። ደጃፍ ላይ ያስቀምጡና ገብተው ፋቲሃ ያደርጋሉ። ጭቃ በጭቃ ናቸው። እናቴ አይታ፣ “ከዓይኔ አርቁልኝ” አለች። እኔ ወስጄ ከውኃ ሮቶው ኋላ ደረደርኳቸው።

ገና አልጨለመም ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ቁርአን ይቀራል። ደብተሩን ይዤ ከሮቶው ኋላ ተቀመጥኩ። ወንድሜ “ቀይ” ብሎ ከጻፈው አጠገብ “ኤዶ፣ የመጀመሪያው ግራር” ብዬ ጨመርኩ። ሁለተኛውን ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ ተጠራጠርኩ። አራተኛውን አላወቅኩትም። እነዚህን ጨርቆች ሁለት ዓመት በእጄ አንስቼ ጭኛለሁ። ጠይቄው ስለማላውቅ ከሁለቱ በቀር አንዱንም አልያዝኩም፤ ለምን ልያዝ፣ እሱ ነበራ። የአንዳንዱ ጀሪካን ጨርቅ ደግሞ በጎርፉ ተገንጥሎ ጠፍቷል። እጀታው ብቻ ነው ያለው። እነዚያን ሳይ መጮህ ፈለግኩ። እሱ ቢሆን ከጠረኑ ያውቃቸው ነበር። እሱ ግን ከመቃብር ተመልሶ አይነግረኝም። ልጅቷም ነገ ትሄዳለች። ዓመት ሙሉ የለመነው ነገር በእኔ እንቅልፍ አለቀ።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለማን ይነገራል? ወንድሙ ሞቶ ስለ አፕ ያወራል ይሉኛል።

ሐሙስ ጠዋት ከፈጅር ሶላት በኋላ ወደ ሮቶው ሄድኩ። ጀሪካኖቹ ታጥበዋል። አፋቸው ወደ ታች ተደፍቶ ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። ጨርቆቹ ሳይፈቱ ከእጀታው ላይ እንዳሉ ታጥበዋል። እናቴ እጇ እስከ ክርኗ ድረስ ርሶ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች።

“ወዴት ልትወስዳቸው ነው?” አለችኝ። ልወስዳቸው መሆኑን እንዴት እንዳወቀች አላውቅም።

“ለባለቤቶቻቸው።”

ራሷን ነቀነቀች። ገመድ አመጣችልኝ።

ከሰል ለመጫን ወደዚያ የሚወጣ አይሱዙ ለመንኩ። ሹፌሩ ወንድሜን ያውቀዋል። ጀሪካኖቹን አብሮኝ ጫነ። ወንዙ ጋ ስንደርስ አሸዋው ደርቆ ነበር። የሌሎች መኪኖች ጎማ አልፎበታል። ቀና ብዬ አላየሁም። ደብተሩን ነበር የማየው።

የመጀመሪያው ግራር ሥር ሴቶቹ ቆመዋል። ወተት አልያዙም፤ ማን ይጭንላቸዋል? ግን በየቀኑ የሚቆሙበት ቦታ ላይ ቆመዋል። መሞቱን ሰምተዋል። አይሱዙው እኔን አውርዶ ወደ ፊት ሄደ። ጀሪካኖቹን መሬት ላይ ደረደርኩ። ማንም አልነካም።

ደብተሩን ገለጥኩ። የእኔ ሶማሊኛ የገበያ ሶማሊኛ ነው። “ይሄ የማን ነው?” አልኩ። ሌላ አነሳሁ። “እባካችሁ። ይሄ የማን ነው? እሱ ነው የሚያውቀው፣ እኔ አላውቅም።”

ኤዶ ወጣ ብላ መጣች። ቀዩን አነሳችና አሸተተችው፣ እንደዚያን ቀን። ከዚያ የራሷን አስቀምጣ የሌሎቹን አንድ በአንድ ታነሳልኝ ጀመር። “ይሄ የእሷ ነው። ይሄ የዚያች፣ ቀጭኗ። ይሄኛው እዚህ አይደለም፣ የሁለተኛው ግራር ነው።” እጽፋለሁ። እጄ እየዛለ ይሄዳል፣ ፊደሉ ይጣመማል፣ እጽፋለሁ። ጨርቅ የሌላቸውን አንዷ መጥታ ገለበጠቻቸው። ቂጡ ላይ የተቃጠለ ምልክት ያለውን “የእኔ ነው” ብላ ከሻሿ ዳር ቀድዳ አዲስ ጨርቅ አሰረችበት። ሌሎቹም ቀደዱ። እኔም ጻፍኩ፦ ቡናማ፣ ቀጭን መስመር ያለው፣ አዲስ።

አንድ ትንሽ ጀሪካን ቀረ። ጨርቁ ሰማያዊ ነው። ማንም አላነሳውም።

“ይሄስ?”

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

“የእናንተ ቤት ጀሪካን ነው” አለች ኤዶ። “ወንድምህ የመጣ ቀን ሁሉ፣ አንተ ወዲያ ጀሪካን ስትጭን፣ እያንዳንዳችን ከራሳችን ትንሽ ትንሽ እናፈስበት ነበር። የሹፌር ድርሻ ነው። ‘ይሄ የተማሪው ነው፣ ሙሉልኝ’ ይለን ነበር።”

ጨርቁን በጣቴ ያዝኩት። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜ ነበር። የድሮው፣ ጉልበቱ ላይ የተቀደደው። በር አጠገብ ተቀምጦ በየቀኑ የቀዳሁበት ጀሪካን ነው። ጨርቁን አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁትም።

እዚያው ቁጭ አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። ሴቶቹ ተዉኝ። ኤዶ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አላባበለችኝም። ሲበቃኝ ደብተሩን ከመሬት አንስታ አቧራውን በልብሷ ጠርጋ ሰጠችኝ።

አይሱዙው ከሰሉን ጭኖ ሲመለስ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። ሹፌሩ ጡሩንባ ነፋ።

“ና ውጣ!” አለኝ። “ከዚህ በኋላ እስከ ቀትር መኪና አታገኝም።”

ደብተሩን አየሁ። ግማሹ ተጽፏል። የሁለተኛው ግራርና የሦስተኛው ግራር ሴቶች ቀርተዋል። ጀሪካኖቻቸው አጠገቤ ቆመዋል። አሁን ብወጣ አራት ሰዓት ላይ ከዚራ እደርሳለሁ። በረንዳውን አውቀዋለሁ። ልጅቷ ቁጭ ብላ ትጠብቅ ይሆናል፤ ምናልባትም ስለ ወንድሜ አልሰማችም። ግማሽ ዝርዝር ይዤ ብለምናት እሺ ትል ይሆናል። ስልክ ቁጥሯ በወንድሜ ስልክ ነበር፣ ስልኩን ጎርፍ ወስዶታል። በኋላ ቁጥሩን ከእናቷ ብጠይቅም፣ የቀጠረችን ለዛሬ አራት ሰዓት ነው።

“የቀረውን ነገ ትጨርሰዋለህ!” አለኝ ሹፌሩ። “ደግሞ እናትህ ብቻዋን ናት።”

ነገ። አፌ ላይ እሺ የሚለው ቃል ደርሶ ነበር።

“አይ” አልኩት። “ዛሬ ነው የምጨርሰው። እናቴ ታውቃለች።”

ሹፌሩ ትንሽ አየኝ። ከዚያ ሄደ። አቧራው እስኪበርድ ቆምኩ። ኤዶ ከጀሪካኖቹ አራቱን በገመድ አስራ ጀርባዋ ላይ አደረገች፣ ሌሎቹም ተከፋፈሏቸው። እኔ ሰማያዊውንና ደብተሩን ያዝኩ። ወደ ሁለተኛው ግራር በእግር ሄድን። ፀሐዩ ጠንክሯል። ስንደርስ ስልኬን አየሁ፤ አራት ሰዓት ከአምስት ይላል።

እዚያ የቆሙት ሴቶች ወደ እኛ መጡ። ጀሪካኖቹን መሬት ላይ ደረደርናቸው። የመጀመሪያውን አነሳሁ፤ አረንጓዴ ነው፣ ከጆንያ የተቀደደ።

“ይሄ የማን ነው?” አልኩ። አንዷ “የእኔ” አለች፤ ጻፍኩ።